ልጆቹ የመድረክ ማድመቂያ አይደሉም

የፒያሳ፣ የአራት ኪሎ፣ የካዛንቺስ፣ የተክለሃይማኖት ሰዎች፣ ዛሬ ቃሌ ጠንከር ይላል። ታገሡኝ።

በየሰፈራችን የድሃ ልጆችን ሰብስበው ሙዚቃ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። አንዱ ወጣት ማዕከል ውስጥ ነው። ሌላው ከአዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል። ያላቸው ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ ነው፤ ሲገኝ ደግሞ አንድ አሮጌ ኪቦርድ። ለግል አስተማሪ የሚከፍል ወላጅ ያለው ልጅ እዚያ አታገኙም። ጠዋት ሊስትሮ ሲሠራ የዋለ አለ። ከእናቷ ጋር ጉልት ስትቸረችር የዋለች አለች። ከሰዓት በኋላ ግን ይመጣሉ፤ "ቲቸር" የሚሉት ሰው እየጠበቃቸው ነውና።

እኛ እነዚህን አስተማሪዎች የምናስታውሳቸው መቼ ነው? ምርቃት ሲኖረን። ስብሰባ ሲኖረን። የክብር እንግዳ ሲመጣብን። ያኔ ስልክ እንመታለን፤ "ልጆቹን ይዘህ ና፣ መድረኩን ያድምቁልን" እንላለን። ስለ ክፍያ ካነሣ ፊታችን ይጠቁራል። "ለሀገር እኮ ነው!" እንለዋለን። ለድንኳኑ ከፍለናል። ለምሳው ከፍለናል። ለባነሩና ለቲሸርቱ ከፍለናል። ሀገር የምትነሣው የልጆቹ ተራ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይህ ነውር ነው። እንተወው።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ምርቃት ላይ ተገኝቼ ነበር። ልጆቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል። የክብር እንግዳው የደረሱት 5 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ ድንኳን ሥር ተቀምጠናል፣ ልጆቹ ውጭ ናቸው። አንዲት ልጅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ማሲንቆዋን አለበሰችው። ፀሐይ የመታው ቆዳ ድምፁ እንደሚለወጥ ታውቃለች። እሷን ግን ያለበሳት የለም።

በመጨረሻ ተራቸው ደረሰ። የድምፅ ሠራተኛው "ማይክ አይበቃም፤ ፍላሽ ይዛችኋል?" አለ። ከፍላሽ የተቀዳ ሙዚቃ ተከፈተ። ዋሽንት የያዘው ልጅ የባቲን ቅኝት ለወራት ሲለማመድ ከርሟል። እፍ ሳይል፣ ጣቶቹን ብቻ ቀዳዳዎቹ ላይ እያነሣ እየጣለ ቆመ። አጨበጨብን። ፎቶ ተነሣን። ለልጆቹ አንድ አንድ ለስላሳ፣ ለአስተማሪያቸው ሰርተፍኬት ተሰጠ። ፕሮግራሙ "በደመቀ ሁኔታ" ተጠናቀቀ ተባለ።

"ታዲያ ምን አጠፋን?" የሚል አይጠፋም። ልንገራችሁ።

ልጅ ክራር ሲቃኝ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስድስት ክር አለው። አንዱን ያጠብቃል፣ ይመታዋል፣ ያዳምጣል። መልሶ ያላላል፣ እንደገና ያዳምጣል። አምስቱ ድምፆች ቦታቸውን ሲይዙ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። እነዚያ ሁለቱ ካልተስማሙ ልፋቱ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ጥሩ አስተማሪ በዚህ ጊዜ እጁን አያስገባም። ክሩን ራሱ ቢያጠብቀው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ እያወቀ ዝም ይላል። ልጁ በገዛ ጆሮው እስኪያምን ይጠብቃል። ሰፈሩ "አይረባም" ሲለው ለኖረ ልጅ በራስ ጆሮ ማመን ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል። የቃኘው ቀን ፊቱን ብታዩት!

እኛ ያንን በአንድ ፍላሽ አፈረስነው። ልጁን በአደባባይ አስቁመን "ድምፅህን አልፈለግነውም፣ መልክህ ይበቃናል" አልነው። እንደ ጠረጴዛ አበባ አምጥተን ደረደርናቸው፤ ስንጨርስ ረሳናቸው።

ልማዱ የዛሬ አይደለም። በደርግ ጊዜ ቀበሌውና ከቀበሌው በላይ የነበረው አስተዳደር፣ ከፍተኛው፣ የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። ብዙ ድምፃዊ ከዚያ ወጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቡድኖቹ አጥብቀው የሚፈለጉት ግን ለሰልፍና ለበዓል ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ አመሉ ግን አለቀቀንም።

ይህች ከተማ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አሠራር አይታለች። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነዚያ ናቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ የሙዚቃ ሰው አሠለጠናቸው። በ1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። እርግጥ እነሱም ለቤተ መንግሥት በዓል ይፈለጉ ነበር። ሆኖም አስተማሪውና መሣሪያው ቀድሞ፣ በዓሉ ነው የተከተለው። ከዚያው ቤተሰብ የወጣው ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ስንቱን የሀገራችንን ሙዚቀኛ አስተማረ። ጥላሁን ገሠሠም ከወሊሶ ሲመጣ ገና ልጅ ነበር፤ ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቴአትር ተቀበለው። በሩ ዝግ ቢሆን ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር እናንተው አስቡት።

አሁን የባሰውን ልንገራችሁ። አስተማሪው በፀሐይ ስታቆሙበት "እምቢ" የማይላችሁ ለምን ይመስላችኋል? ክፍሉ የእሱ ስላልሆነ ነው። ውል የለውም። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የለውም። ቁልፉን በቃል ነው የተቀበለው። "ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ በዚህ ሳምንት አንችልም" ያለ ቀን ክፍሉ የወንበር ማከማቻ ይሆናል። እንዲህ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ። ክራሮቹን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅልሎ እቤቱ ወሰዳቸው፤ ግማሾቹ ልጆች በዚያው ቀሩ። ይህ ግብዣ አይባልም። በቁልፍ ማስፈራራት ነው፤ ፈገግ ብለን ስላደረግነው ግብሩ አይለወጥም።

በዚያ ላይ ልጆቹ ራቁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰ፣ ካዛንቺስ ተከተለ፣ ብዙው ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። አንዳንዶቹ ልጆች እስከ ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየያዙ ወደ ድሮ ሰፈራቸው ለልምምድ ይመጣሉ። የታክሲውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ያው አስተማሪ ነው፣ ከኪሱ። እኛ ደግሞ በር ላይ ቆመን "ምን አግኝቶበት ነው? ከጀርባው ማን አለ?" እያልን እናንሾካሹካለን። አፋችንን እንሰብስብ።

ፕሮግራም የምታዘጋጁ፣ ለእነዚህ ልጆች ከድንኳኑና ከምሳው እኩል በጀት ያዙ። እንግዳው ካረፈዱ ልጆቹን ጥላ ሥር አስቀምጡ። መጫወት ለማይችሉበት መድረክ አትጥሯቸው። ቁልፍ በእጃችሁ ያለ የወረዳና የማዕከል ኃላፊዎች፣ ክፍሉን በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለዓመት ስጡ፤ ውሉ ውስጥም "ሲጠሩ ይመጣሉ" የሚል መስመር አታስገቡ። ወላጆች፣ "አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው ወይ?" ማለት ይብቃችሁ። ልጃችሁ የት እንደሚውል ታውቃላችሁ፤ በዚህ ዘመን ይህ ብቻውን ስንት ነው!

እናንተም አስተማሪዎች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን አልምራችሁም። በተጠራችሁበት ሁሉ መሄድ ይቅር። "ልጆቹ ለፍላሽ አይቆሙም" የሚል ቃል ከአፋችሁ ሊሰማ ይገባል። ብቻችሁን ስትናገሩ ቁልፉን ይቀሟችኋል። የፒያሳው ከአራት ኪሎው፣ የአራት ኪሎው ከካዛንቺሱ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ዋጋና አንድ ደንብ ካወጣችሁ ግን ሁላችሁንም ሊቀማ የሚችል የለም። ዝቅ ብላችሁ ስለለመናችሁ የተረፈ ክፍል አላየሁም።

ሙዚቀኞቻችንስ? ስድስት ኪሎ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምራችሁ የወጣችሁ፣ በየሆቴሉና በየምሽት ቤቱ የምትጫወቱ፣ ብዙዎቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የላችሁም። ልጆቹ ልምምድ ላይ ናቸው። አልጋ ሥር አቧራ የሚጠጣ ኪቦርድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ከሌላችሁም ባዶ እጃችሁን ሂዱና አንድ ሰዓት አስተምሩ።