ጀልባ የማይቆምበት ወደብ

ጣሊያን አገር ላ ስፔዚያ የምትኖረውን እህቴን ለጥምቀት ሰሞን ልጠይቃት ስነሣ፣ ፒያሳ የሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል በባቡር ተሂዶ በጀልባ የሚመለሱበትን፣ ቺንኴ ቴሬ ወደሚባሉት አምስት የባሕር ዳርቻ መንደሮች የሚደረግ የቀን ጉዞ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ፣ ክፍያውንም አስቀድሞ ተቀብሎ ሰጠኝ። የቪዛው ደጅ ጥናት ያደከመኝ ሳያንስ፣ ወረቀቱን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ከካርታ ጋር ሳስተያየው ደሜ ፈላ።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ረፋዱ ላይ ከኮርኒሊያ በጀልባ መሳፈር አለብኝ። ከአምስቱ መንደሮች መካከል ግን ኮርኒሊያ ብቻዋን ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ገደል ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የመንገደኞች ጀልባ አይቆምባትም፤ ከባቡር ጣቢያዋ ወደ መንደሯ በእግር የሚወጣ ሰው እንኳ ከ370 በላይ ደረጃዎችን መቁጠር ይኖርበታል፤ ጉልበቴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይባስ ብሎ ጥር በዚያ አገር ክረምት ነው፤ መደበኛዎቹ ጀልባዎች የሚመላለሱት ከጸደይ እስከ መኸር ሲሆን፣ በወቅቱም ቢሆን ማዕበል ሲነሣ ጉዞው ይሰረዛል። ባቡሩስ ቢሆን ከመንደር መንደር በጥቂት ደቂቃ የሚያደርሰው አብዛኛውን መንገድ በዋሻ ውስጥ እያለፈ ስለሆነ፣ የባሕሩን ዳርቻ በወጉ ለማየት የተመካሁት በዚያው በሌለው ጀልባ ነበር።

ቢሮው ተመልሼ ይህን ሁሉ ሳስረዳ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ እዚያ ሲደርሱ ያስተካክሉታል» አለኝ። እኔው የማስተካክለው ከሆነ የከፈልኩት ለምኑ ነው? ገንዘቤንም እስካሁን አልመለሱልኝም።