የካቲት ላይ የሚለቅ መምህር

የመከራከሪያው ነጥብ፦ እስከ ሰኔ 30 የፈረመ የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ ውሉ ሳያልቅ መልቀቅ ይገባዋል?

የቀድሞ ርዕሰ መምህር (አይገባውም)፦
የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር የካቲት ላይ መልቀቂያ አስገብቶ ሲወጣ የሚከተለውን እኔ አውቀዋለሁ። በዚያ ወቅት ደህና መምህር አይገኝም፤ ያሉት ሁሉ ሌላ ቦታ ፈርመዋል። ክፍለ ጊዜው በሒሳብ መምህሩ ላይ ይደረብና ልጆቹ ወርክሺት ሲሞሉ ይከርማሉ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ግን አይጠብቃቸውም። ወላጅም ከፍሏል። ደመወዙ ያነሰው መምህር መስከረም ላይ ለምን ፈረመ?

የፊዚክስ መምህርት (ይገባዋል)፦
ርዕሰ መምህር፣ ሕጉን ዘለሉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሳያስጠነቅቅ ቢወጣ እንኳ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ውሉ ላይ ግን «የሦስት ወር ደመወዝ ይቀጣል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲብስም ዋናው ዲግሪ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ሰኔ 30 ካሉ ደግሞ፣ ውሉ አሥር ወር የሆነው ለምን ይመስልዎታል? የሐምሌንና የነሐሴን ደመወዝ ላለመክፈል ነዋ! ክረምቱን ሙሉ የማያውቁኝ ሰዎች ስለ ታማኝነት ሲመክሩኝ ይገርመኛል።

ርዕሰ መምህር፦
ዲግሪ መያዝ ነውር ነው፣ አልከራከርም። 30 ቀን ግን ለሒሳብ ሹም ይበቃ ይሆናል እንጂ ለክፍል አይበቃም። ስንቱ ነው ማርክ ሊስቱን እንኳ ሳያስረክብ የጠፋው! ተተኪው ሮስተሩን ሲከፍት የተከታታይ ምዘናው ዓምድ ባዶ ነው። የቤት ሥራውንና የቡድን ሥራውን ነጥብ ከየት ያምጣ? ልጆቹን «ስንት አግኝታችሁ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ?

መምህርት፦
እንዲህ ላደረገ እኔም ጥብቅና አልቆምም። ግን ለምን ሹልክ ብሎ ይጠፋል? ማስጠንቀቂያ ያስገባ ዕለት ደመወዙ ስለሚታገድ፣ የሥራ ልምድም ስለሚከለከል ነው። አዋጁ የሥራ ልምድ በነፃ እንዲሰጥ፣ ቀሪ ክፍያም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። ይህን የሚያከብር ትምህርት ቤት ማርክ ሊስቱን ከነፊርማው ይረከባል።

ርዕሰ መምህር፦
ይረከብ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን ሰሌዳው ፊት ማን ይቆማል?

መምህርት፦
እሱን ባለቤቶቹን ይጠይቁልኝ። የክረምት ደመወዝ ያለው መምህር የካቲት ላይ ሌላ ሥራ አያፈላልግም።