ያን ሽፋን ማን ፍቱት አላችሁ?

ዛሬም አየሁ። የግራይንደሩ፣ የዚያ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥ የእጅ ማሽን፣ ሽፋን ወልቋል። ልኩ ያልሆነ ትልቅ ዲስክ ተገጥሞለት ብረት ይቆርጣል። በቃ፣ አሁንስ መረረኝ!

ያን ሽፋን ማን ፍቱት አላችሁ? «ትልቁ ዲስክ አልገባ ብሎ ነው» ይሉሃል። አልገባ ያለው እኮ መግባት ስለሌለበት ነው! ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ምን ይከብዳል? ባለ 115 ሚሊሜትሩ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። ባለ 230 ሚሊሜትሩ ዲስክ የሚችለው ግን 6,600 አካባቢ ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ማስነሳት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ዲስኩ ሲፈነዳ ስባሪው እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው። ዞር ለማለት እንኳን ጊዜ አይሰጥም።

መነጽሩስ? ግንባር ላይ ተሰቅሏል። ፍንጣሪው የሚገባው ዓይን ውስጥ አይደል እንዴ? ዲስክ ሲቀየርም ሶኬቱ አይነቀልም። ጣት ሳይታሰብ ማብሪያው ላይ ካረፈ አለቀ። ጓንት ደግሞ መሰርሰሪያ ሲይዙ ትዝ ይላቸዋል። የሚሽከረከረው ብረት የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን ጭምር ጠቅልሎ ነው የሚወስደው!

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን «ስንት ዓመት ስሠራ ምን ሆንኩ?» የሚሉት ነገር ነው። እሺ፣ እናንተ ምንም አልሆናችሁም። አጠገባችሁ ቆሞ ብረቱን የሚይዝላችሁ ረዳትስ? እሱ እኮ ሙያውን የሚማረው ከእናንተ ነው። ነገ እሱም ሽፋኑን ይፈታል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ መልሳችሁ ግጠሙት! ደቂቃ አይፈጅም።