ቂም ይዞ ማስታመም

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል። ሁለቱም አያዋጡም ለማለት ነው። ስለ ጸሎቱ አልከራከርም። ቂም ይዞ ማስታመም ግን ይቻላል። እያደረግኩት ነው።

ከአባቴ ጋር ለ11 ዓመት አልተነጋገርንም። ምክንያቱን አልዘረዝርም፤ ትንሽ ነገር እንዳልነበረ እወቁልኝ። አንድ ሌሊት ወንድሜ ደወለ። "አባዬን ስትሮክ መታው" አለና ዝም አለ። ነይ አላለኝም። ለማለት እንደፈራ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። "እንኳን ታረቃችሁ!" ማን ታረቀ? የታየው መምጣቴ ነው። ሰው ግን ሁለቱን መለየት አይፈልግም። ከመጣሽ ይቅር ብለሻል፤ ይቅር ካላልሽ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ብዙ ልጆችን መንገድ ላይ የሚያስቀራቸው ይኼ ይመስለኛል። ይቅርታ እንደ ትኬት በር ላይ ከተጠየቀ፣ ትኬት የሌለው ይመለሳል። በሽተኛው ደግሞ ሳይገላበጥ ያድራል።

መገላበጥ ስል የምሬን ነው። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ጀርባው፣ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል። አጥንቱ ከውስጥ፣ ፍራሹ ከውጭ ቆዳውን ይጫኑትና ደም አይደርሰውም። ለዚህ ሥራ ፍቅር አያስፈልግም። ሰዓት ያስፈልጋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። እነሳለሁ። ትከሻውንና ዳሌውን ይዤ ወደ ጎን አዞረዋለሁ፣ ከጀርባው ትራስ እወትፋለሁ። ሳጎርሰው ትን እንዳይለው ቀና አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ፂሙንም እላጨዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አገጩን ቀና ሳደርገው እጄ ተንቀጠቀጠ። እጁን ያነሳብኝ የነበረ ሰው አንገቱን ሰጥቶኝ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ አረፋው ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ ነበር የማስበው።

አልዋሽም፣ አንድ ነገር እጠብቅ ነበር። "አጥፍቻለሁ" እንዲለኝ። ስትሮኩ የመታው ግን የአንጎሉን ግራ ክፍል ነው። ቀኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉ፣ ንግግሩም አብሮ ሄደ። የፈረንሳዩ ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የመረመረው አንድ በሽተኛ ነበር። ከአፉ የሚወጣው "ታን" የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ሲናደድ ግን ይሳደብ ነበር! እንዲህ ዓይነት ሕመም ላይ ስድብ፣ ቁጥር መቁጠር፣ በቃል የተያዘ ጸሎት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። የሚጠፋው አስበን፣ መርጠን የምናወጣው ቃል ነው። የእኔም አባት "ውሃ" ማለት ያቅተዋል። ሲያቅተው ይበሽቃል፣ ሲበሽቅ ጥርት ባለ ድምፅ ይሰድበኛል። 11 ዓመት የጠበቅኩት ቃል ጠፋ፤ የሸሸሁት ቃል ቀረ። አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሕመም ሰውን ደግ ያደርጋል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። እንደውም ስትሮክ አንዳንዱን ከድሮው ይበልጥ ቁጡ ያደርገዋል። "ሊሞት ሲል ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ" የሚል ታሪክ የሚገጥማቸው አሉ፣ ደስ ይበላቸው። ያንን ብቻ ብሎ የሚመለስ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣውን ያነሳል።

ላለመሄድ የወሰነ ሰው ላይም አልፈርድም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ካርል ፒለመር እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው የአሜሪካ ጥናት፣ ከተጠየቁት 1,340 ሰዎች 27 በመቶው ከሆነ ዘመዳቸው ጋር ተቆራርጠዋል። ከአራት ሰው አንድ በላይ ማለት ነው። ሁሉም በኩራት የራቁ አይመስለኝም። ለነፍሱ የሸሸ አለ። እሱን "አባትህ አይደለም ወይ?" እያሉ ወደ ሸሸበት ቤት መግፋት ግፍ ነው።

እኔን ወደዚህ ቤት ያመጣኝ ወንድሜ ነው። አባቴን እኔ ስኮርፍ፣ አብሮ የኖረው እሱ ነው። መድኃኒቱንም፣ ቁጣውንም፣ ሐኪም ቤት ወረፋውንም ብቻውን ተሸከመ። አባቴን የተቀየምኩትን ያህል እሱ እኔን ቢቀየም አልፈርድበትም። ስለዚህ ስገባ ምክር አልሰጠሁም፣ መድኃኒት ተሳስታችኋል አላልኩም። የትኛው ሌሊት የእኔ ነው ብዬ ጠየቅኩ። "ታረቁ" የሚሉን ዘመዶችም አንድ ሌሊት "ዛሬ እኔ ልደር" ቢሉ ደስ ባለኝ።

በመጣሁበት ሌሊት ወንድሜ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኛና 13 ሰዓት አልተነሳም። ሲነቃ ዓይኑን እያሸ መጣና በሩ ላይ ተደገፈ።

"ስንቴ ሰደበሽ?"

"አራቴ።"

"ቀንሷል" አለኝ።