ማስተካከያ፦ ሆዱ ለሚነፋ የስኳር ታማሚ ቆሎ አይብዛ

ባለፈው ሳምንት ስለ ስኳር በሽታ ስጽፍ «ምግብ አልወርድ ብሎ ሆዱ የሚነፋ ሰው ቆሎና ንፍሮ ያብዛ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ደሴ ያለችው አክስቴ ምክሬን ይዛ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያቅለሸልሻት ሰነበተች። እሷንም እናንተንም ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቆሎ ለሆድ ድርቀት ሊረዳ ይችላል። ይሄኛው የሆድ መነፋት ግን ሌላ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይጎዳል። ያኔ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ አይለቅም። ጥቂት ጉርሻ ያጠግባል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከሰዓታት በፊት የተበላው ሊመለስ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ጨጓራ ቡና ላይ የሚቀርበው ቆሎ፣ የማሽላ ንፍሮና ቅቤ የበዛበት ወጥ ይከብዱታል። የሚሻለው ለስለስ ያለ ምግብ ጥቂት ጥቂት እያሉ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ መብላት ነው፤ ሾርባ ወይም በደንብ የበሰለ ድንች። እንደበሉ ጋደም ማለት ጥሩ አይደለም።

ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ምግቡ ሲዘገይ መድኃኒቱ ይቀድምና ስኳር ይወርዳል። ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ፣ በራሳችሁ አትቀይሩ። የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ ዳቦ አትጠብቁ። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ።