‹የውጭ እጅ አለበት› ሲሉን ምን እንጠይቅ?

በጁላይ 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተር ቱልሲ ጋባርድ ከባድ ክስ አሰሙ። ሩሲያ በ2016ቱ ምርጫ ስላደረገችው ነገር የወጣውን ግምገማ የኦባማ ባለሥልጣናት ሆን ብለው አጣመውታል፣ ይህም አገር መክዳት ነው አሉ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ያው ቢሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 ያወጣው ሪፖርት ግን በምርጫው ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር የተደረገውን ዘመቻ ፑቲን ራሳቸው አዘዋል ይል ነበር። አለቃው ሲለወጥ የቢሮው ቃልም ተለወጠ።

ታዲያ የትኛውን እንመን? አብዛኛው ሰው ለዚህ መልስ የሚሰጠው ማስረጃ አገላብጦ አይደለም። ትራምፕን የሚወድ የ2025ቱን ያምናል፤ የማይወዳቸው የ2017ቱን። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ መራጮች ናቸው፤ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። አገር ቤትም ቢሆን "የውጭ ኃይሎች እጅ አለበት" የሚለው ነገር ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የተናገረውን ሰው ማንነት አይተን ብቻ እንቀበለዋለን ወይም እንጥለዋለን።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። የስለላ ድርጅት ቃል ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ክስ ደግሞ ይመረመራል። የምንመረምርበት ነገር ካልሰጡን፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ "ሰምተናል፣ ማስረጃውን እንጠብቃለን" ማለት መብታችን ነው።

ምርመራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ሰነድ ላሳይ። ጁላይ 13 ቀን 2018 የልዩ መርማሪው ሮበርት ሙለር ቡድን 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን ከሰሰ። ክሱ በዝርዝር የተሞላ ነው። የመኮንኖቹ ስም አለ። የሚሠሩባቸው ክፍሎች ቁጥር አለ፤ 26165 እና 74455። ማርች 19 ቀን 2016 ለሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር ለጆን ፖዴስታ የተላከው አታላይ ኢሜይል አለ። መልእክቱ ከጎግል የመጣ ማስጠንቀቂያ መስሎ የይለፍ ቃልህን ቀይር ይላል። በዚያች ማታለያ ከ50 ሺህ በላይ ኢሜይሎች ተሰረቁ። ለሰርቨር ኪራይ በቢትኮይን እንዴት እንደከፈሉ ሳይቀር ተጽፏል።

ከሁሉም የማልረሳው የጉሲፈር 2.0 ታሪክ ነው። ጁን 15 ቀን 2016 በዚህ ስም የሚጽፍ አንድ ብሎግ ተከፈተ። ጸሐፊው የዴሞክራቶቹን ሰነድ የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላገዘኝም አለ። ሮማኒያዊ ነኝ ይል ነበር። ክሱ ደግሞ ይህን ይነግረናል። በዚያው ቀን፣ በሞስኮ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡19 እስከ 10፡56 ባለው ጊዜ፣ ክፍል 74455 የሚያስተዳድረው ሞስኮ ያለ ሰርቨር ላይ የገቡ ሰዎች አንዳንድ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ነበር። ቋንቋው ያልሆነ ሰው "ይህ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል ወይ?" ብሎ እንደሚያጣራው ማለት ነው። ከምሽቱ 1፡02 ላይ የጉሲፈር የመጀመሪያ ጽሑፍ ወጣ። እነዚያው ሐረጎች እዚያ ውስጥ አሉ።

እነዚህ መኮንኖች ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ ሩሲያም አሳልፋ አትሰጣቸውም። ስለዚህ ክሱ በመስቀለኛ ጥያቄ አልተፈተነም። ቢሆንም ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና የክፍል ቁጥር ጠርቶ የሚከስ ሰው ለሚመረምረው ሁሉ መያዣ ሰጥቷል። አንዱ ዝርዝር ውሸት ቢሆን ጋዜጠኛው፣ የሳይበር ባለሙያው፣ ሞስኮም ራሷ ልታጋልጠው ትችላለች። ከመንግሥት ውጭ ያሉ የሳይበር ደህንነት ኩባንያዎችም ከክሱ ሁለት ዓመት ቀድመው ጣታቸውን ወደዚያው አቅጣጫ ቀስረው ነበር። ይህን ለመቀበል የሲአይኤን አለቃ ማመን አይጠበቅብኝም።

የጃንዋሪ 2017ቱን ሪፖርት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ድምዳሜው ተመሳሳይ ነው። ማስረጃው ግን ምስጢር ነው ተብሎ ቀረ። ለሕዝብ በወጣው ቅጂ ብዙ ገጽ የያዘው አርቲ ስለሚባለው የሩሲያ ቴሌቪዥን በ2012 የተጻፈ አባሪ ነበር። የተሰጠን "በከፍተኛ እርግጠኝነት" የሚል ቃል ነው። በእኔ እይታ ይህ ትልቅ ስህተት ነበር። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ማየት ከሚችለው ቢያንስ ግማሹን ቢያሳዩት፣ ዛሬ የጋባርድ ክስ ይህን ያህል ሰሚ አያገኝም ነበር።

በሪፖርቱ ውስጥ ግን አንድ የማደንቀው ነገር አለ። ፑቲን ትራምፕ እንዲያሸንፉ ለማገዝ ፈልገዋል በሚለው ነጥብ ላይ ሲአይኤና ኤፍቢአይ ከፍተኛ እርግጠኝነት አለን ሲሉ፣ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነቶችን የሚሰልለው ኤንኤስኤ ግን "መካከለኛ" አለ። ልዩነታቸውን አልደበቁም። የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆን ራትክሊፍ በ2025 ያስወጡት የውስጥ ግምገማም የነካው ይህንኑ ነጥብ ነው። ሥራው ተቻኩሏል፣ በዚያ ነጥብ ላይ ከፍተኛ እርግጠኝነት መባል አልነበረበትም አለ። ሩሲያ ጣልቃ ገብታለች የሚለውን ዋና ድምዳሜ ግን አልሻረም። ከዚያ በፊትም በሪፐብሊካኖች የሚመራው የሴኔት የስለላ ኮሚቴ ነገሩን ለዓመታት መርምሮ፣ ኤፕሪል 2020 ላይ የ2017ቱ ግምገማ በአግባቡ የተሠራ ነው ብሏል። የራሳቸው ፕሬዚዳንት የማይወዱትን ድምዳሜ ነው ያጸደቁት። ከፓርቲህ ጥቅም ጋር የሚጋጭ ነገር መናገር ቀላል አይደለም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የስለላ ሹም መግለጫ ይበልጣል።

ክርክሩ የሚደበላለቀው ሦስት ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለሚታዩ ነው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይ? ለምን ዓላማ ተፈጸመ? ውጤቱን ለወጠው ወይ? የስለላ ድርጅት የመጀመሪያውን ሊያውቅ ይችላል፤ ሥራው ነው። ሁለተኛው የሰው ልብ ውስጥ ስለሆነ ከግምት ብዙም አያልፍም። ሦስተኛውን ሊያውቅ አይችልም። የ2017ቱ ሪፖርትም በምርጫው ውጤት ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ ግምገማ አላደረግንም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የድምፅ ቆጠራ ማሽን ተነካ አላለም። ቴሌቪዥኑ ግን በወራት ውስጥ "ሩሲያ ትራምፕን አስመረጠች" ወደሚል ወሬ ቀየረው። ጋባርድ በ2025 ያወጧቸው ሰነዶች ብዙዎቹ ደግሞ ሩሲያ የድምፅ ቆጠራ አልነካችም የሚሉ ናቸው። ሪፖርቱ ያላለውን ነገር ማፍረስ ሪፖርቱን ማፍረስ አይደለም።

ተጽዕኖውን በተመለከተ ከሌሎች የምናውቀው አለ። ሴንት ፒተርስበርግ የነበረውና በሐሰተኛ አካውንቶች አሜሪካዊ መስሎ ይጽፍ የነበረው የሩሲያ ድርጅት፣ የኢንተርኔት ሪሰርች ኤጀንሲ፣ ለፌስቡክ ማስታወቂያ ያወጣው 100 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ፌስቡክ ጽሑፎቹ እስከ 126 ሚሊዮን ሰው ደርሰው ሊሆን ይችላል ሲል አገር ጉድ አለ። በ2023 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት ግን የድርጅቱን የትዊተር ጽሑፎች አይቶ፣ ከሚታዩት ውስጥ 70 በመቶው የደረሰው ለ1 በመቶ ተጠቃሚዎች እንደነበር አገኘ። እነዚያም አብዛኞቹ ከወዲሁ ጠንካራ ሪፐብሊካን ነበሩ። በሰዎች አቋምና ድምፅ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየም። የተሰረቁት ኢሜይሎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ለሳምንታት የዜና አርዕስት ሆነው ቆይተዋል። ስንት ድምፅ እንዳስቀየሩ የሚለካ ሰው የለም።

ጥርጣሬ ያላቸውን ሰዎች "የሴራ ወሬ ናፋቂ" እያሉ የሚያጣጥሉትን አልስማማም። ሰዉ የሚጠራጠረው ምክንያት ስላለው ነው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ኮሊን ፓወል የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ስለ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ሲናገሩ፣ የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ከኋላቸው ተቀምጠው ነበር። ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪ አለ የተባለው፣ ጀርመን የገባ አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ በተናገረው ላይ ተመሥርቶ ነው። ሰውየው በ2011 ዋሽቼ ነበር ብሎ አመነ። እስከዚያው በኢራቅ ጦርነት ስንት መቶ ሺህ ሕዝብ አለቀ። ከ2016ቱ ምርመራ ጋር በተያያዘም ኤፍቢአይ የአንድ የትራምፕ ዘመቻ አማካሪን ግንኙነቶች ለመጥለፍ ለፍርድ ቤት ባቀረባቸው ማመልከቻዎች ላይ፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በዲሴምበር 2019 ዋና ዋና የሚባሉ 17 ስህተቶችና ግድፈቶች አግኝቷል።

የ2020ው ደብዳቤ ደግሞ በጣም ያበሳጨኛል። ኦክቶበር 19 ቀን፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ 51 የቀድሞ የስለላ ባለሥልጣናት ከጆ ባይደን ልጅ ከሀንተር ላፕቶፕ የተገኙ ናቸው የተባሉ ኢሜይሎች በጋዜጣ መውጣታቸው የሩሲያን ዘመቻ ይመስላል ብለው ፈረሙ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ማስረጃ እንደሌላቸው ጽፈዋል። ጆ ባይደን ግን ከሦስት ቀን በኋላ በክርክሩ መድረክ ላይ እንደ መከላከያ ተጠቀሙበት። በጁን 2024 ያው ላፕቶፕ በፌዴራል ፍርድ ቤት በልጃቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ፈራሚዎቹ ከሥራ የለቀቁ ናቸው፣ ድርጅቱን አይወክሉም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰዉ የሰማቸው በቀድሞ ወንበራቸው ምክንያት ነው፤ እነሱም ይህን ያውቁ ነበር። ያን ቀን የተጠቀሙበት አመኔታ የራሳቸው አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። የደህንነት ተቋም ሁልጊዜ ከሜዳው ውጭ ቆሞ የሚያይ ታዛቢ አይደለም። ሲአይኤ በ1948 የጣሊያን ምርጫ ኮሚኒስቶች እንዳያሸንፉ ገንዘብ አፍስሷል። በእኛም አገር፣ ጁን 2021 ላይ ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ፌስቡክ የአገር ውስጥ ተጠቃሚዎችን ያነጣጠረ የሐሰተኛ አካውንቶች መረብ አጠፋ። መረቡ ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ካላቸው ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው አለ። የመንግሥት ተቋም ስለ ውጭ እጅ ሲነግረን የገዛ እጁንም መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው 'የውጭ እጅ በምርጫ ገባ' የሚሉ ክሶች ቢበዛ ወሬና ክርክር ያስከተሉ ናቸው። ሮማኒያ ላይ ግን ምርጫ ተሰርዟል።

ኖቬምበር 24 ቀን 2024 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር፣ ብዙም ያልተጠበቁት ብሔርተኛው ካሊን ጆርጄስኩ 23 በመቶ ገደማ አግኝተው አንደኛ ወጡ። ለዘመቻዬ አንዲት ሳንቲም አላወጣሁም ብለው ነበር ያስመዘገቡት። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ድምፁ በድጋሚ እንዲቆጠር አድርጎ፣ ዲሴምበር 2 ውጤቱን አጸደቀ። ዲሴምበር 4 ፕሬዚዳንት ክላውስ ዮሃኒስ የደህንነት መሥሪያ ቤቶችን ሰነዶች ይፋ አደረጉ። ዲሴምበር 6 ያው ፍርድ ቤት ምርጫውን ከነጭራሹ ሰረዘው። ሁለተኛው ዙር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ውጭ አገር ያሉ ሮማኒያውያን ድምፅ መስጠት ጀምረው ነበር።

ሰነዶቹን ተራ ነገር አልላቸውም። ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ የቲክቶክ አካውንቶች ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘሩ። ከእነሱ 797ቱ ከ2016 ጀምሮ ተከፍተው ዝም ያሉ ነበሩ። በምርጫ ድረ ገጾች ላይ ከ85 ሺህ በላይ የሳይበር ጥቃት ሙከራ ተመዝግቧል። አንድ ሰው ለቲክቶክ ተጠቃሚዎች በአንድ ወር 381 ሺህ ዶላር ከፍሏል ተባለ። ሰነዶቹ አሠራሩ የሩሲያን ይመስላል አሉ። ገንዘቡ ከሞስኮ መምጣቱን ግን አላሳዩም። ከሳምንታት በኋላ ስኑፕ የተባለ የሮማኒያ የምርመራ ጋዜጠኞች ድረ ገጽ፣ በሰነዶቹ ላይ ከተጠቀሱት የቲክቶክ ዘመቻዎች አንዱን የከፈለበት ብሔራዊ ሊበራል ፓርቲ እንደሆነ ጻፈ። የዮሃኒስ የቀድሞ ፓርቲ ነው። ፓርቲው ለጆርጄስኩ ብዬ አልከፈልኩም ብሏል። ታዲያ ይህን የደህንነት ሰዎቹ ሳያውቁት ቀርተው ነው ወይስ አውቀው? ሁለቱም መልስ ያስፈራል።

ጆርጄስኩን እኔ አልመርጣቸውም ነበር። ሩሲያ እጇን አላስገባችም ብዬም አልከራከርም፤ ሳስበው ያስገባች ይመስለኛል። ግን "ይመስለኛል" ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው የሰጠውን ድምፅ ለመጣል አይበቃም። የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ የሆነው የቬኒስ ኮሚሽንም ጃንዋሪ 2025 ላይ ምርጫ በምስጢራዊ የስለላ መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መሰረዝ የለበትም ብሏል። ክስ የሚያስከትለው መዘዝ በከበደ ቁጥር የማስረጃውም ሸክም መክበድ አለበት። አካውንት ለማዘጋት የስለላ ድርጅት ጥርጣሬ ይበቃ ይሆናል። ዲፕሎማት ለማባረር ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋል። ምርጫ ለመሰረዝ ደግሞ የደህንነት ኃላፊዎቹ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ የተከሰሰው ወገን ጠበቃ ባለበት፣ እንዴት እንዳወቁ ሊጠየቁ ይገባ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ይህ አልሆነም።

ጆርጄስኩ ከድጋሚው ምርጫ ታገዱ። ሜይ 4 ቀን 2025 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር ጆርጅ ሲሚዮን የተባሉ ሌላ ብሔርተኛ ወደ 41 በመቶ አገኙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቡካሬስት ከንቲባ ኒኩሾር ዳን በ53.6 በመቶ አሸነፏቸው። ሴፕቴምበር 2025 ዐቃቤ ሕግ ጆርጄስኩን ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ለመናድ በተደረገ ሙከራ ተባባሪ ናቸው ብሎ ከሰሳቸው፤ እሳቸው ይክዳሉ። አሁን ጠበቃ አላቸው፣ ዳኛ አለ፣ ምስክር ይጠየቃል።