ኤሊዋን ብቻ እዩ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስልኬን አውጥቼ ለአንድ ወዳጄ አንድ ፎቶ አሳየሁት። አንድ! የባሕር ኤሊ ነች፣ ቦኔር የምትባል የካሪቢያን ደሴት ሄጄ የአየር ታንክ ተሸክሜ (ስኩባ ይሉታል) ስጠልቅ ያነሳኋት። "ውይ ስታምር!" አለና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ከዚያ ጣቱን ሸርተት። እኔ በዋና ቁምጣ። ሸርተት። የባንክ ደረሰኝ። ሸርተት። ለሐኪም ልልከው ያነሳሁት የእግሬ ጥፍር። እሱን ደግሞ በሁለት ጣቱ አጉልቶ "ይሄ ምንድነው?" ይለኛል።

ይኸው ሰውዬ ነው እንግዲህ "እኛም ልንሄድ አስበናል፣ እስቲ ምክር ስጠን" የሚለው። ምክሬ አንድ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

ቦኔር ከቬንዝዌላ ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በኔዘርላንድስ ሥር ያለች ትንሽ ደሴት ነች። ዙሪያዋን ያለው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ፓርክ ነው። ደስ የሚለው ጀልባ መጠበቅ የለም። ፒክአፕ ትከራያለህ፣ የአየር ታንክህን ከኋላ ትጭናለህ፣ መንገድ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ስታይ ቆመህ ትገባለህ። "ሺህ ደረጃ" የሚባል ቦታ አለ። ቢቆጠር 70 ገደማ ነው። ታንክ ተሸክመህ ስትመለስ ግን ስሙን ያወጣው ሰው ውሸታም እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ቀንሶ እንደተናገረ ይገባሃል።

እዚያ ጓንት ክልክል ነው። ጓንት ያጠለቀ ሰው ምን ፈርቶ፣ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። ባዶ እጅ ግን ያስባል። ፋየር ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጡር ይለበልባል፣ ላየንፊሽ የሚባለው ባለ እሾህ ዓሣ መርዝ አለው። ኮራል የነካ ሁሉ ሰበቡ "ድንጋይ መስሎኝ" ነው። ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ አለው። አንዳንዱ በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ አንተ ፎቶ ለመነሳት ትደገፈዋለህ።

አያቴ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ትል ነበር፣ ባሕር የሚባል ነገር ሳታይ። ከእኛ ጋር የጠለቀ አንድ ጎልማሳ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ ሰደደ። ሞሬይ፣ ያ እባብ መሳይ ጥርሳም ዓሣ፣ አፉን ከፍቶ ብቅ! ሰውየው ጮኸ መሰለኝ፣ እኛ ያየነው አረፋውን ብቻ ነው። እኔ በሳቅ ማስኬ ውኃ ሞላ። አያቴን አሰብኳት።

የአክስቴንም ልጅ አሰብኩት። የተመረቅኩ ቀን በውሰት ካሜራ 36 ፎቶ ተነሳን። አባቴ በሕይወቱ ክራቫት ያሰረበት ብቸኛ ቀን ነበር። ማታ ያ ልጅ የካሜራውን ጀርባ ከፈተው። "ፎቶው ደርሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አለ። እንጀራ መሰለው እንዴ የሚደርሰው? ፊልሙ ተቃጠለ። ዛሬ እሱ የልጆች አባት ነው፣ ክርስትና ጠርቶኝ ሄጃለሁ፣ በልቼ ጠጥቻለሁ፣ መርቄያለሁም። ይቅር ግን አላልኩትም። አባቴ ካረፈ በኋላ ያንን ክራቫት ቁም ሳጥን ውስጥ ሳገኘው ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ።

ምክሩን ልጨርስ። ውኃ ውስጥ እጅህ እንደልቡ የሚይዘው የራስህን አፍንጫ ነው። ስትወርድ አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ ወደ ጆሮህ ትነፋለህ፣ ካመመህ ከፍ ትላለህ፣ ጉንፋን ካለብህ ያን ቀን ይቅርብህ። ትንፋሽ መያዝ የለም። ወደ ላይ ስትወጣ ሳንባህ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ አደጋው እዚያ ላይ ነው። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጣ፣ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ስትደርስ 3 ደቂቃ ቁም። ለእጀ ፈጣን ሰው ከሁሉ የምትከብደው ይህች 3 ደቂቃ ነች፣ ምንም የሚነካ ነገር የላትም! መኪናው ውስጥ ደግሞ ምንም አትተው። የአገሩን ኑሮ የሚያውቁት መስኮቱን ከፍተው በሩን ሳይቆልፉ ነው የሚገቡት፣ ሌባ ቢመጣ መስታወት እንዳይሰብር። እጅ እዚያም አላረፈማ። ለቀናት ስትጠልቅ ከርመህ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ለመውጣት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቅ፣ ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ። "ቲኬቴ ጠዋት ነው" ብትለው አይሰማህም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለወዳጄ ላክሁለት። ስለ ኤሊዋም፣ ስለ ስልኬም ጨምሬ፣ ሳላለሳልስ። ማታ መለሰልኝ።

"ጥፍርህ ግን እንዴት ሆነ?"